ዘውድን መሻርና ሕግን መትከል፤ የዶክተር ሱን ያት ሴን ታሪክ

የቀደሙ ሰዎች ታሪክ ለሚመረምረው ትምህርት አለበትና፥ የቻይናውን የዶክተር ሱን ያት ሴንን ሕይወት በአጭሩ እንመለከታለን።

ዶክተር ሱን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1866 ዓ.ም. በጓንግዶንግ ጠቅላይ ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ፤ በሆንግ ኮንግም የሕክምና ትምህርት ፈጸሙ። በ1911 በዉቻንግ የተነሣው አብዮት ከተስፋፋ በኋላ፥ በጃንዋሪ 1 ቀን 1912 በናንኪንግ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በፌብሩዋሪ 12 ቀንም የ6 ዓመቱ ንጉሠ ነገሥት ፑዪ ከዙፋኑ ወረደ።

ነገር ግን አዲሱ ሪፑብሊክ በቂ ገንዘብ አልነበረውም፤ ኃይለኛው የሰሜን ጦርም በጄኔራል ዩዋን ሺካይ እጅ ነበረ። ዶክተሩም የእርስ በርስ ጦርነት እንዳይነሣ ሥልጣናቸውን ለእርሱ ለቀቁለት። እርሱ ግን በ1914 ፓርላማውን በተነ፤ በ1915 መጨረሻም ራሱን ንጉሠ ነገሥት አሰኘ። ጠቅላይ ግዛቶች ስለ ዐመፁበት በማርች 1916 ዘውዱን ተወ፤ በጁንም ሞተ። ከዚያ ወዲያ የጦር አበጋዞች አገሪቱን ተከፋፈሏት፤ ዶክተር ሱንም በማርች 12 ቀን 1925 አንድነቷን ሳያዩ በፔኪንግ ዐረፉ።

ከዚህ የምንረዳው፥ ዘውድን መሻር የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፥ ሕግን በሰው ልብ መትከል ግን የብዙ ዘመን ድካም መሆኑን ነው። ሰይፍ የያዘው ለሕግ ካልታዘዘ፥ የመንግሥት ስም ቢለወጥም ለድኻው የሚተርፈው መከራ ነው።