አበበ ቢቂላ፡ እግሩ ሲከዳው ትከሻው የተሸከመው ጀግና

አበበ ቢቂላ ስታዲየም ገብቶ ኳስ አይቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ደጋፊ ጥቂት ነው። የስሙ ባለቤት ሲነሳ ሁሉም ቶሎ የሚያስታውሰው እግሩን ነው፤ ያውም ባዶ እግሩን። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሸክም ያረፈው ግን እግሩ ላይ ሳይሆን ትከሻው ላይ ነበር።

አበበ እ.ኤ.አ. በ1932 በሸዋ፣ ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። የክብር ዘበኛ ወታደር ሆኖ በስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን እጅ ገባ። መስከረም 10 ቀን 1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ ዓለምን ጉድ አሰኘ። በ1964 ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና በተደረገለት በሳምንታት ውስጥ ቶኪዮ ላይ ደገመው። ከድሉ በኋላ ሳሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ያየ ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ። በ1968 ሜክሲኮ ላይ እግሩ ተጎድቶ ሲያቋርጥ ወርቁን ያመጣው ማሞ ወልዴ ነበር።

ከዚያ መጥፎው ሌሊት መጣ። መጋቢት 22 ቀን 1969 የሚነዳት ቮልስ ተገለበጠች። አከርካሪው ክፉኛ ተጎዳ፤ መጀመሪያ አካባቢ አንገቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ቆየ። እጆቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ እግሮቹ ግን በዚያው ቀሩ።

የገባበት ቤት ተራ ሆስፒታል አልነበረም። ከናዚዎች ሸሽቶ የመጣው ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በ1944 የአከርካሪ ህክምና ክፍሉን ሲከፍት፣ እንዲህ ያለ በሽተኛ አልጋ ላይ ተኝቶ ሞቱን የሚጠብቅ ነበር። ጉትማን ግን ስፖርትን መድኃኒት አደረገው። በ1948 በ16 ተወዳዳሪዎች የቀስት ውድድር ጀመረ። ነገሩ አድጎ በ1960 ሮም ገባ፤ አበበ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ እዚያው ከተማ 400 አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞች ውድድራቸውን ጀመሩ። ከዓመታት በኋላ አበበ ራሱ የዚያው ሰፈር ሰው ሆነ።

ቀስት ለምን ተመረጠ? እግር ሲቀር ሥራው በሙሉ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ዊልቸር መግፋት፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መሻገር፣ ገላ እንዳይቆስል ሰውነትን ከመቀመጫ ማንሳት፣ ሁሉም በትከሻ ነው። የትከሻ መገጣጠሚያ ደግሞ እንደ ዳሌ ጥልቅ ጎድጓዳ የለውም፤ አጥንቱን በቦታው የሚያቆዩት በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው። ዊልቸር መግፋት በይበልጥ የፊቱን ጡንቻ ያበረታል። የኋላው ከተረሳ ሚዛኑ ይዛባና ህመሙ ይጀምራል። ቀስት መሳብ ያንን የተረሳውን የጀርባና የትከሻ ጡንቻ ያሠራል፣ ተቀምጦ ሚዛን መጠበቅንም ያስተምራል። ዛሬም ወድቆ ትከሻው የተጎዳ በረኛ ሐኪሙ ሲፈቅድለት በላስቲክ ገመድ ወደ ኋላ እየሳበ፣ ከቀላል ወደ ከባድ ቀስ እያለ የሚሄደው በዚሁ ሐሳብ ነው። የቸኮለ ተመልሶ ይጎዳል።

ቸኩሎ ሳይሆን ጊዜውን ጠብቆ መሄድን ደግሞ ማራቶን ሯጭ ያውቅበታል። አበበ በ1970 እዚያው ስቶክ ማንድቪል ጨዋታዎች ላይ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ የ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ሸርተቴ ውድድር አሸነፈ። በበረዶ አገር፣ ያውም ተቀምጦ! በ1972 ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ በዊልቸር ሲገባ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት።

ጥቅምት 25 ቀን 1973 በአንጎል ደም መፍሰስ አረፈ። ገና 41 ዓመቱ ነበር። ልምምዱ እግሩን አልመለሰለትም። ከአልጋ አንስቶ እንደገና ተወዳዳሪ ያደረገው ግን እሱ ነው። ጉዳት የደረሰበት ተጫዋች ጂም ውስጥ ብቻውን ላስቲክ ሲስብ ያየ ደጋፊ፣ አለቀለት ከማለቱ በፊት ሦስተኛ ወርቁን ሳይሆን ሁለተኛ ህይወቱን በትከሻው ያሸነፈውን አበበን ያስታውስ።