ኧርል ማክፈርሰን፡ ለርካሽ መኪና የነደፈው ሰስፔንሽን ዓለምን ያዳረሰለት መሐንዲስ

በአውሮፓውያኑ 1891 በአሜሪካ ኢሊኖይ የተወለደው ኧርል ማክፈርሰን፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በሸቭሮሌ ከባድ ኃላፊነት ተጣለበት፤ ዋጋዋ ከ1 ሺህ ዶላር የማይበልጥ ትንሽ መኪና መንደፍ። ካዴት ለተባለችው ለዚህች መኪና ሞላውንና አሞርዛተሩን በአንድ ምሰሶ አዋሃደ። የክፍሎቹ ቁጥር አነሰ፣ ቦታ ተቆጠበ፤ ጎማው ግን እንደ ልብ መውጣትና መውረድ አልተከለከለም።

ኩባንያው በ1947 ካዴትን ሰረዘ። ማክፈርሰንም በዚያው ዓመት ወደ ተቀናቃኙ ፎርድ ተሻገረ፤ ንድፉ ፍሬ ያፈራው እዚያ ነው። በ1960 አረፈ።

ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ የሚታዩት ኮሮላና ቪትዝ ከፊት የቆሙት በእርሱ ንድፍ ላይ ነው። ወጣት አሽከርካሪዎች የሚመኙት ኮይልኦቨርም ቢሆን ሞላን በአሞርዛተር ላይ ያጠለቀ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ከፍታው መስተካከሉ፣ ብዙውን ጊዜም ሞላው መጠንከሩ ነው። መኪናው ዝቅ ሲል በኩርባ ላይ ይረጋጋል፤ ለእሽቅድምድም ሜዳ ይህ ትርፍ ነው። ነገር ግን ጎማው ወደ ላይ የሚሸሽበት ርቀት ያጥራል። ጉድጓድና የፍጥነት መግቻ በበዛበት ጎዳና፣ ማክፈርሰን ለሞላው የሰጠውን ምት ያን ጊዜ ሻንሲው ይቀበለዋል፤ ከዚያም ተሳፋሪው።