ብሩስ ሊ ትምህርት ቤቶቹን ለምን ዘጋ?

ብዙዎቻችን ብሩስ ሊን የምናውቀው በፊልም ነው። እኔ ባደግሁባት የአርሲዋ ሮቤም ቪዲዮ ቤት ገብቶ የወጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው እርግጫውን ነበር። ሰውዬው በገዛ ድሉ ያልረካ፣ የራሱን ትምህርት ቤቶች እስከ መዝጋት የደረሰ አሳቢ እንደነበር ግን የነገረን አልነበረም።

ብሩስ ሊ የተወለደው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1940 በሳንፍራንሲስኮ ነው። አባቱ የቻይና ኦፔራ ተዋናይ ስለነበሩ ለሥራ በሄዱበት አገር ተወለደ እንጂ ያደገው በሆንግ ኮንግ ነው። በጉርምስናው ኢፕ ማን ከተባሉት መምህር ዘንድ ዊንግ ቹን የተሰኘውን የኩንግ ፉ ስልት ተማረ። በ1959 ወደ አሜሪካ ተመልሶ በሲያትል ማስተማር ጀመረ፤ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም ፍልስፍና አጠና።

በ1964 ማብቂያ በኦክላንድ ዎንግ ጃክ ማን ከተባለ የኩንግ ፉ ባለሙያ ጋር ተጋጠመ። ስለ ግጥሚያው የሁለቱ ወገኖች ትረካ አይስማማም። ባለቤቱ ሊንዳ እንደሚናገሩት ግን ብሩስ ሊ ሦስት ደቂቃ ያህል በፈጀ ፍልሚያ ቢያሸንፍም ደስ አላለውም። ትንፋሽ አጥሮት ነበር፤ የተማረው ስልትም የሚሸሽ ባላጋራን ለመያዝ አልበጀውም። ሌላው ቢሆን ድሉን ያወራ ነበር። እሱ ግን መረመረው።

ከዚያ በኋላ ሩጫውንና የጉልበት ልምምዱን አጠነከረ። ከቦክስ የእግር እንቅስቃሴን፣ ከሻሞላ ስፖርት ደግሞ ባላጋራ ገና ሲሰነዝር ቀድሞ መምታትን ወሰደ። የሙሐመድ አሊን ግጥሚያዎች በፊልም እየደጋገመ አየ። በ1967 አካሄዱን ጂት ኩን ዶ ብሎ ሰየመው፤ የሚሰነዘርን ቡጢ ቀድሞ የመጥለፍ መንገድ እንደማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሐሳቡ ከየስልቱ እየለቀሙ ማከማቸት አልነበረም። ለእሱ መማር ማለት እንደ ድንጋይ ቀራጭ ትርፉን እያነሱ መጣል ነበር። አንድ ሰው የሚበጀውን በራሱ አካል ፈትሾ ይይዛል፣ የማይበጀውን የመምህሩም ቢሆን ይተዋል። ስለዚህ ነው በ1970 በሲያትል፣ በኦክላንድና በሎስ አንጀለስ የነበሩትን ሦስቱን ትምህርት ቤቶቹን የዘጋው። ተማሪዎቹ የእሱን ሥርዓተ ትምህርት እንደ መጨረሻ እውነት እንዳይወስዱት ሰጋ። በዚያው ዓመት ወገቡን ተጎድቶ ለወራት ተኛ፤ ጊዜውንም በማንበብና ማስታወሻ በመጻፍ አሳለፈው። ጽሑፎቹ ከሞተ በኋላ በ1975 በመጽሐፍ ታተሙ።

ብሩስ ሊ እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1973 በሆንግ ኮንግ ሲሞት ገና 32 ዓመቱ ነበር። የፈራውም አልቀረም። ተከታዮቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሶቹ እሱ ያስተማረውን እንዳለ እንጠብቅ ሲሉ፣ ገሚሶቹ ፍለጋውን እንቀጥል አሉ።

እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። የመምህሩን እርግጫ መቅዳት ለሮቤ ልጆችም አልከበደም። አሸንፎ ሲወጡ ምን ጎደለኝ ብሎ መጠየቅ ግን በስፖርትም፣ በየመሥሪያ ቤታችንም ብዙ ሰው የማይደፍረው ነገር ነው።