ጆን ስኮት ሃልዴን፦ የጠላቂዎች ሰንጠረዥና ወሰኑ

የግፊት መቀነስ ሕመም የሚባለው፣ ጠላቂ በውኃ ውስጥ ሲቆይ በሰውነቱ የሟሟው ናይትሮጅን ፈጥኖ ሲወጣ አረፋ ሆኖ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሕመሙን በስሌት ለመከላከል መሠረት የጣሉት ስኮትላንዳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ጆን ስኮት ሃልዴን ናቸው። ይህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን በአጭሩ ተርኮ፣ ሥራቸው እንደ ቦሩ ሜዳ ላለ ደጋ ያለውን ትርጉም ያመለክታል።

ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1860 በኤድንብራ ተወለዱ፤ በ1884ም በዚያው በሕክምና ተመረቁ። በኦክስፎርድ ሲያስተምሩ በከሰል ማዕድን ፍንዳታ የሞቱትን መርምረው፣ ብዙዎቹን የገደለው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን በ1896 አሳወቁ። መርዛማ ጋዞችንም በገዛ ሰውነታቸው ላይ ይሞክሩ ነበር።

ቆይቶም የብሪታንያ ባሕር ኃይል የጠላቂዎቹን ደኅንነት እንዲያጠኑ ጠየቃቸው። ከቦይኮትና ከዳማንት ጋር ፍየሎችን በግፊት ክፍል ፈተኑ፤ ጠቅላላው ግፊት በግማሽ ቢቀንስ ሰውነት እንደሚችለው ገምተው፣ ጠላቂ በየደረጃው እየቆመ የሚወጣበትን ሰንጠረዥ በ1908 አሳተሙ። ይሁንና በእኩል ግፊት እኩል ጊዜ ከቆዩት ፍየሎች አንዱ ሲታመም ሌላው ደኅና ይወጣ ነበር። ሰንጠረዡ ጥልቀትንና ጊዜን ይለካል፤ የሰውነት ስብን፣ ድካምን፣ የውኃ ጥማትንና ብርድን ግን አይለካም። ከአራት ሰዎች በአንዱ ገደማ፣ በልብ የላይኛ ክፍሎች መካከል ከፅንስ ጊዜ ጀምሮ ሳይዘጋ የሚቀረው ቀዳዳም አረፋን ወደ አንጎል ሊያሻግር ይችላል፤ ባለቤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም።

ሃልዴን በ1911 በአሜሪካ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ የሳሳ አየር በአተነፋፈስ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ አጠኑ። ከፍታ የጠላቂንም ስሌት ይለውጣል። የሐይቅ ከተማው ሐይቅ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ በዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ አራት አምስተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በባሕር 10 ሜትር የነበረው የግማሽ ወሰን በሐይቁ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ ጠላቂው ወዲያው በመኪና ወደ ቦሩ ሜዳ ከወጣ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ሃልዴን በ1936 በኦክስፎርድ አረፉ። የዛሬ የመጥለቂያ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ በእርሳቸው ሐሳብ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ፍየሎቹ ያሳዩት ልዩነት ግን ዛሬም ከስሌቱ ውጭ ነው። በመሆኑም በደጋ ሐይቅ የሚጠልቅ ተመራማሪ ከሰንጠረዡ ወሰን በታች መቆየትና ከመጥለቅ በኋላ ዳገት ከመውጣቱ በፊት በቂ ጊዜ ማረፍ ይኖርበታል።