ወርቁ ወጣ ወይስ ብሩ ወረደ? የአል-መቅሪዚ ሕይወት

 

ወንድሜ፣ እህቴ፦ ለኒካህ የመህር ወርቅ ጠይቃችሁ ዋጋው አስደንግጧችሁ ያውቃል? አምና የሰማችሁት ዋጋ ዘንድሮ የለም። ታዲያ የወጣው ወርቁ ነው ወይስ የወረደው ብሩ? ከ600 ዓመት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ይዞ የኖረ ዓሊም ነበር።

ወደ እሱ ከመሄዳችን በፊት ሰቆጣ ገበያ ጎራ እንበል። የዋግ ኽምራ ልጆች ስለ አሞሌ ከአያቶቻችሁ ሳትሰሙ አትቀሩም። ከአፋር የጨው ሜዳ የተቆረጠው አሞሌ በነጋዴዎች ተጭኖ፣ ዳገቱን ወጥቶ ሰቆጣ ይደርስ ነበር። ይበላል፤ ገንዘብም ነበር። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ይወደዳል፣ በቀረበ ቁጥር ይረክሳል። ጨውነቱ አንድ ነው፤ የሚለያየው ብዛቱ ነው። ገንዘብም ሲበዛ እንደዚያው ይረክሳል። ይህን ያዙልኝ።

ተቂዩዲን አሕመድ አል-መቅሪዚ (ረሂመሁላህ) በ1364 እ.ኤ.አ. ካይሮ ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቡ የዒልም ቤተሰብ ነበር። በወጣትነቱ ከታላቁ ኢብኑ ኸልዱን ትምህርት ቀስሟል። በ1399 ሱልጣን በርቁቅ የካይሮ ሙህተሲብ አድርጎ ሾመው። ሙህተሲብ ማለት የገበያው ጠባቂ ነው፤ ሚዛኑን፣ ስፍሩን፣ ዋጋውን ይመለከታል። ስለዚህ አል-መቅሪዚ የኑሮ ውድነትን ያወቀው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ገበያ መሀል ቆሞ አይቶታል።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የዓባይ ውሃ ጎደለ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው በረሃብና በበሽታ አለቀ። ብዙዎች ምክንያቱ የውሃው ማነስ ብቻ መሰላቸው። እሱ ግን በ1405 ገደማ በጻፈው «ኢጋሰቱል ኡማ» በተባለው መጽሐፉ ሦስት የሰው እጅ ሥራዎችን ጠቆመ። አንደኛ፣ ሹመት በጉቦ ይሸጥ ነበር፤ ገዝቶ የተሾመው ያወጣውን ከድሃው ይለቅማል። ሁለተኛ፣ የእርሻ መሬት ኪራይ እጅግ ንሮ ነበር። ሦስተኛው የመዳብ ሳንቲም፣ ፉሉስ ነው። የብር ዲርሃም ከገበያ እየጠፋ፣ ፉሉሱ ያለ ገደብ ይመታ ነበር። ቀድሞ ለጥቃቅን ዕቃ መግዣ ብቻ የነበረው ሳንቲም የሁሉ ነገር መለኪያ ሆነ።

አል-መቅሪዚ ዋጋውን በፉሉስ ብቻ አልቆጠረም፤ በወርቅም መዘነው። ያኔ የአብዛኛው ዕቃ ዋጋ በወርቅ ሲለካ ሰው የሚያወራውን ያህል አልናረም። የወደቀው መዳቡ ነበር። ሕዝቡንም በሰባት ክፍል ከፍሎ ማን እንደተጎዳ አሳየ። ባለሥልጣናት የገቢያቸው ቁጥር ስለጨመረ ያተረፉ መሰላቸው፤ ገበያ ሲወጡ ግን የሚገዛላቸው ቀንሷል። በቁርጥ ደመወዝና በወቅፍ ድጎማ የሚኖሩት ዑለማዎችና ተማሪዎች ደግሞ ክፉኛ ተጎዱ።

መፍትሔው ወደ ወርቅና ብር መመለስ ነው አለ። ይሁንና ወርቅም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። የማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ በ1324 ለሐጅ ሲያልፍ ካይሮን በወርቅ ቢያጥለቀልቃት የወርቅ ዋጋ ወርዶ እንደነበር የመዘገበው ራሱ አል-መቅሪዚ ነው።

ኋላ ሥልጣኑን ትቶ ለመጻፍ ተቀመጠ። መካ ሳለም ስለ ሐበሻ ምድር ሙስሊም ነገሥታት፣ ስለ ይፋት ሱልጣኖች መጽሐፍ ጻፈ። በ1442 ካይሮ ውስጥ አረፈ።

አሁን ወደ ዘመናችን እንመለስ። ዛሬ የሳንቲሙን ብዛት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ የገደበው ገበያው ውስጥ የሚፈሰውን ገንዘብ ለመቀነስ ነው። በሐምሌ 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ላይ ወርቅ በዓለም ገበያ በዶላርም ተወደደ። የመህሩ ዋጋ ያስደነገጣችሁ ሁለቱ ስለተደራረቡ ነው፦ ወርቁም ወጥቷል፣ ብሩም ወርዷል።

ከዚህ ምን እንያዝ? መህር ስትስማሙ በግራም ጻፉት፤ ቃሉ እንዳይሟሟ። የዘካ ኒሷብን የአምናውን ቁጥር ይዛችሁ አታስሉ፤ የ85 ግራም ወርቅን የዕለቱን ዋጋ ጠይቁ። ደመወዛችሁ ሲጨምር ቁጥሩን ብቻ አትዩ፤ ስንት ኪሎ ጤፍ እንደሚገዛ እዩ። ነጋዴ ከሆናችሁም የዋጋ ንረትን ሰበብ አድርጋችሁ ሚዛን አታጉድሉ። ብሩን ማጽናት የእናንተ ሥራ ባይሆንም ሚዛኑ እጃችሁ ላይ ነው።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ሚዛናችንን ቀና ያድርግልን። አሚን።