በቴሌቪዥን መስኮት ያስተማረው ሊቅ፤ የጃኮብ ብሮኖውስኪ የሕይወት ታሪክ

ለሕዝብ ትምህርት ተብለው ከተሠሩት የቴሌቪዥን ፊልሞች መካከል ስሙ እጅግ የታወቀው አንዱ፣ ታሪኩን የሚጀምረው ከአቴና ወይም ከሮማ አይደለም፤ ከእኛው አገር ከኦሞ ሸለቆ ነው። ፊልሙ ባለ 13 ክፍል ሲሆን በእንግሊዝኛ «ዘ አሰንት ኦቭ ማን» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «የሰው ልጅ ሽቅብ ጉዞ» ልንለው እንችላለን። በኦሞ ምድር ቆሞ ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ የሚናገረው፣ ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ጃኮብ ብሮኖውስኪ ነው። የኦሞን ስም የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን የለም፤ ከኦሞ ተነሥቶ ዓለምን ያስተማረውን ሰው የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ መንገር የሚጠቅም መስሎ ታይቶናል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ለብቻው ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሮኖውስኪ ጃንዋሪ 18 ቀን 1908፣ በዚያን ጊዜ በሩስያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው በፖላንድ ከተማ በሎድዝ፣ ከአይሁድ ወላጆች ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቤተ ሰቡ ወደ ጀርመን ተሻገረ፤ በ1920 ደግሞ ከጀርመን ተነሥቶ እንግሊዝ አገር ገባ። ጃኮብ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረ፤ ከእንግሊዝኛም ከጥቂት ቃላት በቀር የሚያውቀው አልነበረም። በቤቱ ኦሮምኛ፣ በገበያው አማርኛ፣ በክፍሉ እንግሊዝኛ የሚጠብቀው የሳጉሬ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ሳይነገረው ያውቀዋል። ነገር ግን ልጁ ቋንቋውን በመጻሕፍት ብዛት ድል አደረገ። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶም በሒሳብ ትምህርት ከጓደኞቹ ሁሉ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ኋላም የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

በካምብሪጅ ሳለ ከሒሳቡ ጎን ለጎን ቅኔ ይወድ ነበር። በ1928 ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ «ኤክስፐሪመንት» የተባለች የተማሪዎች መጽሔት አቋቋመ። ከነዚያ ጓደኞቹ አንዱ ዊልያም ኤምፕሰን ኋላ የታወቀ የቅኔ ሐያሲ ሆነ፤ ሌላው ሃምፍሬይ ጄኒንግስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለ ሕዝቡ ኑሮ ፊልም በመሥራት ስሙ ተጠራ። እንግዲህ እንደዚህች በማባዣ እንደምትወጣ መጽሔታችን ያለች የተማሪ መጽሔት ከየት ልታደርስ እንደምትችል ከዚህ ይታያል። ብሮኖውስኪ ራሱም ባለ ቅኔውን ዊልያም ብሌክን በሚመለከት መጽሐፍ ጽፏል። ሳይንስና ኪነ ጥበብ ከአንድ ምንጭ፣ ማለትም ከሰው ልጅ የማሰብና የመፍጠር ኀይል ይቀዳሉ ብሎ ያምን ነበር፤ ይህንንም እምነቱን እስከ ዕለተ ሞቱ አልለወጠም።

ከ1934 እስከ 1942 በሐል ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሒሳብ ካስተማረ በኋላ መንግሥት ለጦርነቱ ሥራ ጠራው። ሥራውም ከአየር የሚጣል ቦምብ በከተማ ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት በሒሳብ መቀመርና ድብደባው የበለጠ እንዲሠምር ዘዴ መፈለግ ነበረ። ይህን የሕይወቱን ክፍል ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። ናዚዎችን ማሸነፍ ግድ እንደ ነበረ የሚክድ የለም፤ ሆኖም በወረቀት ላይ ንጹሕ ሆኖ ከሚታየው ቁጥር በስተ ጀርባ ቤትና ሰው አለ። ብሮኖውስኪ ይህን በዓይኑ ያየው በ1945 መጨረሻ ነው። የአቶሚክ ቦምብ ያደረሰውን ጉዳት እንዲመረምሩ ከተላኩት የእንግሊዝ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ወደ ናጋሳኪ ሲጓዝ መሸ፤ ገጠሩን አልፎ ከተማው ውስጥ መግባቱን እንኳ ሳያውቅ ራሱን በፍርስራሽ መካከል አገኘው። ከወደቡ ላይ ከቆመ መርከብ የዳንስ ሙዚቃ ይሰማ ነበር። ከዚያች ምሽት በኋላ ሳይንስ ከሰው ኅሊና ተነጥሎ ሊታይ እንደማይችል ማስተማር ሥራዬ ብሎ ያዘ።

ለባለ ሥልጣኖችም አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ናጋሳኪ እንደ ፈረሰች ትቈይ፣ ስለ ጦር መሣሪያ ቅነሳ የሚመክሩ መልእክተኞችም ጉባኤያቸውን በፍርስራሹ ውስጥ ያድርጉ የሚል። ሰሚ አላገኘም። መልእክተኞቹ በዚያ ቦታ አይመቻቸውም ተብሎ ሐሳቡ ውድቅ ሆነ፤ የሐሳቡ ቁም ነገር ግን እንዳይመቻቸው ነበር።

በ1950 የእንግሊዝ ብሔራዊ የድንጋይ ከሰል ድርጅት የምርምር ኀላፊ ሆኖ ጢስ የማያበዛ ማገዶ ለማውጣት ብዙ ደከመ። በዚያው ጊዜ አካባቢ ሐሳቡን ወደ ሌላ መንገድ የሚስብ ሥራ ገጠመው። በ1924 በደቡብ አፍሪካ ታውንግ በተባለ ቦታ የተገኘው የአንድ ሕፃን ራስ ቅል የሰው ወገን ነው ወይስ የዝንጀሮ በማለት ሊቃውንት ይከራከሩ ነበር። ብሮኖውስኪ የጥርሶቹን መጠንና ቅርፅ ባንድነት በሒሳብ መዝኖ ከዝንጀሮ መሰል እንስሳት ጥርስ የሚለዩ መሆናቸውን አሳየ። ከዚያ ወዲህ ልቡ ከቁጥር ወደ ሰው ታሪክ አዘነበለ። በዚሁ ዘመን በራዲዮና በቴሌቪዥን ክርክሮች ላይ እየቀረበ በሕዝብ ዘንድ ታወቀ። የአገሩ የጸጥታ መሥሪያ ቤት ግን በግራ ክንፍ አስተሳሰብ ጠርጥሮት ፋይል ከፍቶበት ኖሯል፤ ይህም በግልጽ የታወቀው እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በ1964 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በካሊፎርኒያ ሳልክ ኢንስቲትዩት ገባ። በ1969 ቢ.ቢ.ሲ. ኬኔት ክላርክ የተባለው የሥነ ጥበብ ሊቅ ስለ ምዕራብ አውሮፓ ሥልጣኔ የተረከበትን ባለ 13 ክፍል ፊልም አሳየ። ያ ፊልም በሥዕልና በሕንጻ ላይ ያተኰረ ነበርና ለሳይንስም እኩያው ይሠራለት ተባለ፤ ሥራውም ለብሮኖውስኪ ተሰጠ። ቀረጻው ከ1971 አጋማሽ እስከ 1972 መጨረሻ ፈጀ፤ ፊልሙ በሜይ 1973 መታየት ጀመረ። ብሮኖውስኪ የተጻፈ ነገር እያነበበ አያስተምርም ነበር። ከነገሩ ቦታ ሄዶ ይቆማል፤ እያሰበ ይናገራል፤ ሲያስብ ደግሞ ዝም ይላል፤ ተመልካቹም አብሮት ያስባል።

በኦሞ ሸለቆ ያደረገው ይህንኑ ነው። ከሁለት ሚሊዮን ዓመት በፊት በዚያ ሜዳ ይሰማራ የነበረውን የዱር እንስሳ ቀንድ ከዛሬው ዘመዱ ቀንድ ጋር አስተያይቶ፣ እንስሳው ብዙም እንዳልተለወጠ አሳየ፤ በዚያው ሜዳ የኖረው የሰው ወገን ግን ተለወጠ። ለምን? ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

በሁለተኛው ክፍል ወደ ኢያሪኮ ሄዶ ስለ ስንዴ ይናገራል፤ ይህን ክፍል የአርሲ ደጋ ሰው ቢያየው እንደ ገዛ ቤቱ ታሪክ ይሰማው ነበር። የዱር ስንዴ ከአንድ የሣር ዘር ጋር ተዳቅሎ 28 ክሮሞሶም ያለው ስንዴ ተገኘ፤ እሱም እንደ ገና ከሌላ ሣር ጋር ተዳቅሎ 42 ክሮሞሶም ያለውን የዳቦ ስንዴ ሰጠ። የዱሩ ስንዴ ፍሬውን ነፋስ ይበትንለታል። የዳቦ ስንዴ ግን ፍሬው ከዛላው ላይ ጠብቆ የተያዘ ስለ ሆነ ሰው አጭዶ፣ ወቅቶ፣ መልሶ ካልዘራው ዘሩ ይጠፋል። እንግዲህ ስንዴ ያለ ሰው አይኖርም፤ ሰውም ያለ ስንዴ ከተማ ባልሠራ ነበር። ከኢተያ እስከ በቆጂ በአውድማ ላይ መንሽ ይዞ ያደገ ልጅ ይህን ሥራ በእጁ ያውቀዋል። በ1967 በተጀመረው በጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በካዱ ዘመን፣ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ሲታደል አባቶቹ አይተዋል። የሥራው ምስጢር ከዐሥር ሺህ ዓመት በፊት የተጀመረ መሆኑን ግን የነገረው የለም።

ከ13ቱ ክፍሎች ሁሉ ሰው የማይረሳው 11ኛው ነው። በዚህ ክፍል ብሮኖውስኪ ብዙ ዘመዶቹ ወዳለቁበት ወደ አውሽቪትስ ይሄዳል። የተቃጠሉት ሰዎች አመድ በተደፋበት ኩሬ ዳር ቆሞ ይናገርና፣ በመጨረሻ ከነጫማው ውሃው ውስጥ ገብቶ ከሥሩ ጭቃ በእጁ ይዘግናል። ትምህርቱ ይህ ነው፤ ሰዎችን ለዚያ ሞት የዳረገ ሳይንስ ሳይሆን፣ እኔ አልሳሳትም የሚል ትዕቢት ነው፤ እውነተኛ ዕውቀት ግን ሁልጊዜ በስሕተት ጠርዝ ላይ የቆመ ነው። ይህን የሚናገረው የድብደባ ቀመር ያሰላ፣ ናጋሳኪን ያየ ሰው መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ ስብከት አለመሆኑ ይገባናል።

ብሮኖውስኪ ኦገስት 22 ቀን 1974 በኒው ዮርክ ግዛት በኢስት ሃምፕተን በልብ ሕመም ሞተ፤ ፊልሙ ከታየ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። ከሦስት ወር በኋላ፣ በኖቬምበር 24 ቀን፣ በአፋር በሐዳር ሉሲ ተገኘች። በኦሞ ኪቢሽ በ1967 የተገኘው የዘመናዊ ሰው ቅሪትም በመጀመሪያ 130,000 ዓመት ያህል ተገመተ፤ በ2005 ዕድሜው 195,000 ዓመት ነው ተባለ፤ በ2022 ደግሞ ከ233,000 እንደማያንስ ተገለጸ። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ የተነገረው ብዙ ነገር ዛሬ ታርሟል። ይህ መታረም ብሮኖውስኪን አያሳፍረውም፤ ዕውቀት የሚታረም ነገር ነው ብሎ ያስተማረ እሱ ነውና።

ጉድለቱን መናገር ግን ይገባል። ፊልሙ ከአፍሪካ ተነሥቶ ወደ አፍሪካ እምብዛም አልተመለሰም። ስለ ድንጋይ ጥበብ የሚናገረው ክፍል እስከ ፔሩ ተራራ ሲወጣ ላሊበላን አላየም። አፍሪካ ሰው የተገኘባት እንጂ ሰው የሠራባት አልሆነችም።

በአገራችን ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1964 (በእኛ 1957 ዓ.ም.) ነው፤ ብዙም ሳይቈይ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ፕሮግራም ተጨመረበት። አንድ ፊልም ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያየነው ግን ብሮኖውስኪ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1974 ማታ፣ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኃብ የሠራው ፊልም የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ተቀላቅሎበት ለሕዝብ ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረኃቡ እውነት ነበረ፤ ምስሉን የቀጠለው እጅ ደግሞ የራሱ ዓላማ ነበረው። ሁለቱን ለይቶ ማየት የሚችል፣ ከመስኮቱ ፊት ተቀምጦ መጠየቅ የለመደ ተመልካች ብቻ ነው።

በ2004 (በ1997 ዓ.ም.) ደግሞ ተማሪ ሁሉ «ፕላዝማ» ብሎ የሚጠራው ትምህርት በሳተላይት አማካይነት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መጣ። ቤተ ሙከራ በሌለበት ገጠር ሙከራ ማሳየቱ ትልቅ ነገር ነበረ፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣ፣ በእንግሊዝኛ የሚሮጥ ነበረ። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ወስዶ ለመምህሩ ጥቂት ደቂቃ ይተውለታል፤ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ተማሪው ጥያቄውን ተረድቶ ሳይጨርስ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል።

ጥፋቱ የመስተዋቱ አይደለም። ብሮኖውስኪም ያስተማረው በዚያው መስተዋት ነው፤ እሱም ቢሆን ጥያቄ ሊሰማ አይችልም ነበር። ልዩነቱ፣ እሱ የሚያውቀውን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳወቀው፣ የት ላይም ሊሳሳት እንደሚችል ጨምሮ ስለሚያሳይ ተመልካቹ ከመስኮቱ ፊት ሲነሣ ጥያቄ ይዞ መነሣቱ ነው። መልስ ብቻ የሰጡት ተማሪ ፈተናው ሲያልፍ መልሱም ያልፍበታል።

እንግዲህ ከኦሞ የተጀመረውን ታሪክ ሌላ ሰው በሌላ ቋንቋ ነግሮልናል፤ ምስጋናችንን አንነፍገውም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የእኛ ነው። የታሪክ ተማሪ ስለ ላሊበላ ድንጋይ፣ የእርሻ ተማሪ ስለ አርሲ ስንዴ፣ የሕግ ተማሪ ስለ ቀበሌው ሸንጎ፣ ገበሬው ራሱ በሚሰማው አማርኛና ኦሮምኛ ፊልም ቢሠሩ፣ የሚያስፈልጋቸው ከሁሉ በፊት ገንዘብ አይደለም። የሚያስፈልጋቸው ከነገሩ ቦታ ሄዶ መቆም፣ ያወቁትን እንዴት እንዳወቁ መናገር፣ ያላወቁትንም ሳያፍሩ አላወቅንም ማለት ነው። የሳጉሬ ገበሬ ከአውድማው ላይ ቆሞ ጥያቄ የሚጠይቅበት ፊልም የተሠራ ቀን፣ ኢያሪኮ ላይ የቆመው ትምህርት ወደ አርሲ ደጋ ወጣ ማለት ነው።