ዶክተር አክሊሉ ለማና የቢልሃርዚያው ትል

ጠፍጣፋ ትል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ኮሶ ነው። ዘመዱ የቢልሃርዚያ ትል ግን ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የሚኖረውም ደም ሥር ውስጥ ነው። ከዚህ ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ ጣና ዳር ወይም አዋሽ ሸለቆ የሚመደብ መምህር ይህን ትል በተማሪዎቹ ሆድ ውስጥ ያገኘዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ ዕድሜያቸውን የፈጁት እሱን ሲያሳድዱ ነው ማለት ይቻላል። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አክሊሉ በ1935 ተወለዱ። አሜሪካ ተምረው፣ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ይዘው አገራቸው ገቡ።

ትሉ እንደ ቦታው መልኩ ይለያያል። ከፍ ባሉት አገሮች፣ በጅረትና በሐይቅ ዳር በብዛት የሚገኘው ዓይነት እንቁላሉ እሾህ ያለው በጎኑ ነው፤ ከሰገራ ጋር ይወጣል። በመካከለኛው አዋሽና በዋቢ ሸበሌ ቆላ የሚገኘው ደግሞ እሾሁ ጫፉ ላይ ነው፤ በሽንት ይወጣል። የወንዱ ቆዳ ሳይቀር ይለያል፤ የመጀመሪያው ሻካራ፣ የሁለተኛው ለስለስ ያለ ነው። ቦታውን የሚወስነው ቀንድ አውጣው ነው። እያንዳንዱ ትል የሚያድግበት የራሱ ቀንድ አውጣ አለው፤ ቀንድ አውጣውም የሚስማማውን ውኃ ይመርጣል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከሞተ ትሉም መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው።

በ1964 አክሊሉ ቀንድ አውጣ ሊያጠኑ አድዋ ወረዱ። ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከማጠቢያው በላይ ያሉት ቀንድ አውጣዎች በሕይወት አሉ፤ ከታች ያሉት ግን ሞተው ተንሳፈዋል። አክሊሉ በሕይወት ያሉትን ሰብስበው አንዷን አጣቢ አረፋውን እንድትጨምርባቸው ጠየቋት። ሞቱ! እንዶድን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ የወንዙን ላይና ታች አነጻጽሮ ያየ ግን እሳቸው ናቸው።

በ1966 በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ከዚያም በአድዋ ለአምስት ዓመት እንዶድ ወንዙ ውስጥ ሲጨመር ቆየና ከትንንሽ ልጆች መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ይህ ውጤት በማንም አገር ቢገኝ ዜና ነበር። የውጪ ባለሙያዎች ግን የኢትዮጵያን ላቦራቶሪ አላመኑም፤ የመርዛማነቱ ምርመራ በእነሱ ደንብ እንደ ገና ይሠራ አሉ። በዚሁ ብዙ ዓመት አለፈ። ጥንቃቄው ጨርሶ ከንቱ ነበር አይባልም፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል እኮ። ቢሆንም መዘግየቱን ጥንቃቄ ብቻ አያስረዳውም። በመካከሉ ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ወጣና የዓለም ዓይን ወደ እንክብሉ ዞረ።

የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው አወዳድረው 44 ቁጥር የተሰጠውን መረጡ። በ1989 ሁለቱ የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ቀንድ አውጣ ገዳዩም ንጥረ ነገር በአክሊሉ ስም ለማቶክሲን ተባለ።

ዶክተር አክሊሉ በሚያዝያ 1997 አረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።